ያልመጣው መርዶ

(የሕማማት ረቡዕ ረፋድ፣ መርሳ ከተማ፦ ባሏ ይርጋ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ከሄደ ወዲህ ወሬው የጠፋባት የሺመቤት ለነገው ጉልባን ስንዴ ትለቅማለች፤ የይርጋ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ገብተው ሳይቀመጡ ቆመዋል።)

ደብሪቱ፦ አልቀመጥም አልኩሽ። መጀመሪያ መርዶዬን ንገሪኝ።

የሺመቤት፦ ምን መርዶ አለኝና ልንገርዎት እማማ? ይቀመጡ፤ የሚጎዳው ጉልበትዎ ነው።

ደብሪቱ፦ ጉልበቴን ተዪው። ልጄ ከሞተ ሞቷል በዪኝ። አላብድም። ደረቴን እመታለሁ፣ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ያበቃል።

የሺመቤት፦ በሕማማት?

ደብሪቱ፦ ለዳግም ትንሣኤ ይሁን። ማልቀሱ ይቆየኛል። ማወቁ ነው የቸኮለብኝ።

የሺመቤት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የማላውቀውን ከየት ላምጣ?

ደብሪቱ፦ ጀልባ ሰጠመ ሲባል ሰምቻለሁ።

የሺመቤት፦ እኔም ሰምቻለሁ። የትኛው ጀልባ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ባሕሩ ላይ ስንት ጀልባ አለ።

ደብሪቱ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገር ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ለምን ይመስልሻል የምለው? ቅዳሜ የልጄን ልብስ አጥበሽ አስጥተሽ ነበር። ጃኬቱ ሳይቀር።

የሺመቤት፦ ብል ሊበላው ነዋ። ቢመጣ ምን ይልበስ?

ደብሪቱ፦ እሺ። ሆሳዕና ዕለት ስንገናኝ አንድ ጉንጬን ብቻ ሳምሽኝ። ሌላ ጊዜ እያገላበጥሽ ነው።

የሺመቤት፦ ጥርሴን አሞኝ ነው። ይኸው አሁንም አብጧል።

ደብሪቱ፦ ወደ ብርሃኑ ዞር በዪ እስቲ። እውነትሽን ነው። ቅርንፉድ ያዢበት። ከዚህኛው ግን አታመልጪም፦ ትናንት መምሬ ጥበቡ እዚህ ገብተው ወጡ። ቄስ በሕማማት ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ቤት ለቤት ምን ያዞረዋል? ሲወጡ ደግሞ አንቺ በሩን ተደግፈሽ ቀረሽ። ከማዶ ሆኜ አይቻለሁ።

የሺመቤት፦ ማዶ ምን ይሠሩ ነበር?

ደብሪቱ፦ ጨው ልገዛ።

የሺመቤት፦ ማዶ ያለው የብረት በር በያጅ ቤት ነው እማማ።

ደብሪቱ፦ ነገር አታዙሪ። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ፤ ምን አሉሽ?

የሺመቤት፦ ስለ እርስዎ ጠየቁኝ።

ደብሪቱ፦ ስለ እኔ?

የሺመቤት፦ «ወይዘሮ ደብሪቱ ከሰኞ ጀምሮ ለስግደት አልመጡም፤ ቦታቸው ባዶ ነው። የልጃቸውን ነገር ሰምተው ይሆን?» አሉኝ። እኔማ መምሬ ገና ሲገቡ መርዶ የያዙ መስሎኝ እስኪወጡ ድረስ በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ደብሪቱ፦ እሳቸው ከእኔ ጠረጠሩ፤ እኔ ከእሳቸው።

የሺመቤት፦ እኔ ደግሞ ከእርስዎ። ስግደት የማይጠግቡት ሰው ከቀሩ፣ ሰምተው እኔን እየደበቁኝ ነው አልኩ። ማታ እህል አልወረደልኝም።

ደብሪቱ፦ ታዲያ ማንም የሚያውቅ የለም?

የሺመቤት፦ ማንም።

ደብሪቱ፦ ይሄ ይብሳል።

የሺመቤት፦ አሁን ይቀመጡ።

ደብሪቱ፦ ተቀመጥኩ። ደስ ይበልሽ።

የሺመቤት፦ ከስግደቱ ለምን ቀሩ?

ደብሪቱ፦ ምን ብዬ ልጸልይ? «በሰላም መልስልኝ» ልል ስል፣ ሞቶ ከሆነስ እላለሁ። «ነፍሱን ማርልኝ» ልል ስል፣ በቁሙ ገደልኩት እላለሁ። እግዜር ፊት ሄዶ አፍ ይዞ መቆም ነውር ነው። ልጅ የሞተባት ታለቅሳለች፤ ልጅ ያላት ትመርቃለች። እኔ የትኛዋ ነኝ?

የሺመቤት፦ ሆሳዕና ዕለት ፍትሐት ተደርጎ የለም?

ደብሪቱ፦ ተደርጓል። በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለሌለ አስቀድመው ያደርሱታል። ልታስተምሪኝ ነው?

የሺመቤት፦ ለማን ነው የተደረገው?

ደብሪቱ፦ ለሁሉም። በዚህ ሳምንት ማን እንደሚሞት ማን ያውቃል?

የሺመቤት፦ ለእርስዎም?

ደብሪቱ፦ ለእኔም፣ ለአንቺም፣ እዚያ ለቆመው ሁሉ።

የሺመቤት፦ የሙታን ጸሎት ተደርጎልን በእግራችን ቤታችን ገባን። ቄሶቹ ቋሚውን ከሟቹ ሳይለዩ ከለመኑ፣ እርስዎ ለምን ካለየሁ ይላሉ? «እግዚኦ» ይበሉና ዝም ይበሉ። ይርጋ የት እንዳለ ያላወቅነው እኛ ነን እንጂ እግዜር አይደለም።

ደብሪቱ፦ ቀላል አደረግሽው። ካልመጣስ?

የሺመቤት፦ ላይመጣ ይችላል።

ደብሪቱ፦ ይሄ ከአንቺ አፍ ይወጣል?

የሺመቤት፦ ለራሴ ስንቴ ብዬዋለሁ። ላይመጣ ይችላል። ክርስቶስ ከተነሣ ግን ቢመጣም ባይመጣም ጠፍቶ አይቀርም። እኔ ይሄን ነው የያዝኩት። ሌላ ሌላውን ስይዝ ከእጄ ይሾልካል።

ደብሪቱ፦ ጎሽ፤ ሰባኪ ሆነሻል። ቆይ ግን፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

የሺመቤት፦ ምኑ?

ደብሪቱ፦ ቦታዬ ባዶ መሆኑን የነገሩሽ መምሬ ናቸው። ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቆሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። ራስሽ አላየሽውም?

የሺመቤት፦ ስንዴው ጠጠር በዝቶበታል ዘንድሮ።

ደብሪቱ፦ የሺ።

የሺመቤት፦ እኔም ከሰኞ ጀምሮ አልሄድኩም።

ደብሪቱ፦ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ?

የሺመቤት፦ እዚህ ቤት ውስጥ ስሆን ነው የማውቀው። እዚያ ስገባ ሴቶቹ መንገድ ይለቁልኛል፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት። ክፉ አይናገሩኝም። እንደዚያ ሲያዝኑልኝ ግን ተስፋ ማድረጌ ያሳፍረኛል። እርስዎ ይሂዱ እማማ፤ እኔ ይሄን ላድርስ።

ደብሪቱ፦ ስንዴው ከተለቀመ ቆይቷል፤ የለቀምሽውን ነው መልሰሽ የምትለቅሚ። ተነሺ፣ የስድስት ሰዓቱ ስግደት ሳይጀመር እንድረስ። ሁለታችንም ከቀረን የልጄን ስም ማን ይጠራዋል?