የመቱ የባሕር ዓሦች

መንበረ በወንድሟ በአቶ ወልደ ማርያም ላይ የቋጠረችው ቂም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠላት ወጥቶ ጎሬ ትምህርት ቤት ሲከፈት እሷም ገብታ ነበር። ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ቀ» ዘልቃ «በ»ን ልትጀምር ስትል የወንድሟ ሚስት ወለደች። «አራሷን የሚያገላብጥ ሰው የለም። አርባው ሲወጣ ትመለሻለሽ» አሏት ወንድሟ። አርባው ወጣ። ከዚያ ልጁ ጥርስ አበቀለ፣ ከጥርሱ በኋላ ኩፍኝ ያዘው፣ ከኩፍኙ በኋላ እሷን ዳሯት። ባሏ ሞቶ መቱ ከወንድሟ አጥር ጥግ ቤት ከቀለሰች ወዲህም ያን «በ» አልረሳችውም።

ያ ልጅ ፈንታሁን ነው። አድጎ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ገብቷል። አንድ ቅዳሜ መንበረ ማር ገዝታ ከሁሩሙ ገበያ ስትመለስ፣ ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ ጎበዝ ከጭነት መኪና ላይ ጀሪካን ሲያወርድ አየች።

«አንተ ፈንታሁን! ከምጽዋ ድረስ ውሃ ጭነህ መጣህ? መቱ ዝናብ አነሰን?»

«የባሕር ውሃ ነው እኮ እትዬ። እስቲ ይቅመሱት።»

ጣቷን ነክራ ላሰችና እንትፍ አለች። «ጨው ከእጇ ያመለጣት ሙሽራ የሠራችው ወጥ!»

ፈንታሁን አባቱ ቤት የመስተዋት ሣጥን አቁሞ ውሃውን ሞላበት፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣቸውን የባሕር ድንጋዮች ደረደረበት። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በብስክሌት መንፊያ ነፍቶ፣ አየሩ በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እንዲል አደረገ። ጎረቤቱ ኦቦ ኦላና ጎንበስ ብለው አዩና «ድንጋይ ሊቀቅል ነው?» ብለው ሳቁ።

«ዓሦቹስ?» አሉ አቶ ወልደ ማርያም።

«ከአርባ ቀን በኋላ ጓደኛዬ በአውሮፕላን ጎሬ ያደርሳቸዋል አባባ። ሦስት ብቻ ናቸው።»

«ቤት ተሠርቶ አርባ ቀን ባዶውን ይቀመጣል? ደግሞስ ሦስት ምንድን ነው? ሣጥኑ ሠላሳ ይይዛል!»

«ቤቱ ገና አልጠናም። ድንጋዮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠሩት እነሱ ናቸው። ሳይበረክቱ ዓሣ ካጎርንበት በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል።»

«አራስ ነው በላቸው» አለች መንበረ። ወንድሟን ትክ ብላ አየቻቸው። «ጋሼ አርባ ቀን መጠበቅ ያውቁበታል።»

አቶ ወልደ ማርያም ጎንበስ ብለው ድንጋዮቹን መቁጠር ጀመሩ።

ዓሦቹ በቀናቸው ደረሱ። ብርቱካን መስለው፣ ነጭ መቀነት ታጥቀው ሲዋኙ አገሬው ለማየት ተሰለፈ። አቶ ወልደ ማርያም ወዲያው ቂጣ ይፈረፍሩላቸው ጀመር።

«ተዉ አባባ! በቀን አንዴ፣ በቁንጥጫ ነው።»

«ከባሕር ድረስ የመጣ እንግዳ በቁንጥጫ? በዚህ ቤት እንግዳ ተርቦ አያውቅም!»

«እነዚህን የሚገድላቸው ግብዣ ነው። የተረፈው ይበሰብስና ውሃውን ያከፋዋል።»

ፈንታሁን የሁለት ወር ፈቃዱ ሲያልቅ መመሪያውን በወረቀት ጽፎ፣ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ለመጠባበቂያ ትቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወረቀቱ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ጠዋት ማታ ጎማውን መንፋት የመንበረ፣ ማንበብ የወንድሟ ሆነ።

የበጋው ፀሐይ በመስኮት እየገባ ውሃው በየቀኑ ጎደለ። አቶ ወልደ ማርያም «የባሕር ዓሣ ያለ ጨው ውሃ አይኖርም» የሚለውን ከወረቀቱ እያነበቡ፣ በጎደለ ቁጥር ከጀሪካኑ ይሞሉበታል። በወሩ አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፎ ተገኘ። የቀሩት ሁለቱም ጥግ ይዘው ያለከልኩ ጀመር። መንበረ እንደ ልጅ የምታያቸው ነበሩና ጣቷን ከሣጥኑ ውሃ ነክራ ላሰች።

«ጋሼ፣ ጨው በዝቶባቸዋል።»

«ከዚያው ከባሕሩ ውሃ ነው የምጨምረው! እንዴት ይበዛል?»

«ወጥ እሳት ላይ ሲመጠጥ ጨዉ አብሮ ይተናል? ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። የመጠጠ ወጥ ላይ ውሃ ጠብ ይደረጋል እንጂ ጨው ማን ይደግምበታል?»

«ዓሣና ወጥ ምን አገናኘው? አንቺ ያልተማርሽ…»

«ማን ነው ያላስተማረኝ?»

መንበረ ሁለት ማንኪያ አምጥታ አንዱን ከጀሪካኑ፣ አንዱን ከሣጥኑ ቀዳች። «ይቅመሱ።»

አቶ ወልደ ማርያም የመጀመሪያውን ቀመሱ። ሁለተኛውን ሲቀምሱ ፊታቸው ተጨማደደ። «ምን ይሻላል?» አሉ።

ማታውን የበጋ ዝናብ ሲጥል መንበረ ከቆርቆሮው ጠፈጠፍ አርቃ ሜዳ ላይ ንጹሕ ሳፋ ዘረጋች። ከሳፋው ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ጨመረች፤ የተራበን ሰው በአንዴ አያጠግቡትም፣ ዓሣም ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። በስምንተኛው ቀን ሁለቱ ዓሦች በድንጋዮቹ መካከል ይሯሯጡ ጀመር።

ያን ዕለት ወረቀቱን ከምስማሩ አወረደችና ገለበጠችው። ጀርባውም ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ ይኼ የጓሮው ምን ይላል?»

አቶ ወልደ ማርያም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «ውሃው ተኖ ሲጎድል ንጹሕ የዝናብ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ ጨው አይተንም። የጀሪካኑ ውሃ ከሣጥኑ ቆሻሻ ውሃ ቀድታችሁ ስትደፉ መተኪያ ነው።» ድምፃቸው ወረደ። «አልገለበጥኩትም መንበረ።»

«እኔ ማንበብ ባውቅ እገለብጠው ነበር። ያም ዓሣ ይኖር ነበር።»

«እውነትሽን ነው። ፊደል የቆጠርኩ ስለሆንኩ የምሰማው ሰው ያለ አልመሰለኝም። አርባው ሲወጣ ብዬሽ ያስቀረሁሽም እኔ ነኝ፤ በድዬሻለሁ።»

ያላነበበ ሰው የሌላውን ንባብ ይጠብቃል፤ ያነበበውም ገልብጦ ካላየ፣ የጓዳ ዕውቀትንም ከናቀ፣ ግማሽ ዕውቀቱ ነፍስ ያጠፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን የባሕር ዓሣ እንኳ መቱ ላይ ይኖራል።

«ጎማውን ከነገ ጀምሮ ማን ይነፋል?» አለች መንበረ መንፊያውን አንስታ።

«ለምን? የት ልትሄጂ?»

ነገረቻቸው። መንፊያውን ከእጇ ተቀበሉ። «አርባ ቀን አይደለም፣ ዓመትም ቢሆን እነፋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት መንበረ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ከሕፃናቱ ኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ደንገጥ ብሎ «እትዬ፣ ልጅ ሊያስመዘግቡ ነው?» አላት።

«እኔኑ መዝግበኝ የኔ ልጅ» አለችው። «እስከ ‹ቀ› አውቃለሁ። ከ‹በ› ጀምርልኝ።»