የአባ ተራ ፕሮግራም ልጅ የወለደ ለት

አጎትና የእህት ልጅ በአንድ ክሊኒክ ደረጃ ላይ ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። እሱ፣ «አባ ተራ» የሚሉት የፕሮግራም ጸሐፊ፣ ይወርዳል፤ እሷ፣ ይህንኑ ሙያ ገና ተምራ የጨረሰች፣ የምርመራ ውጤት ልትወስድ ትወጣለች። ማን አሳልፏት! ወረፋው ከላቦራቶሪው መስኮት ተነሥቶ ደረጃውን ሞልቷል፤ ትንሽ ቢገፋ ድንበር ይሻገር ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

«ውጤት የሚያወጣውን የእኔን ፕሮግራም ይጠብቃላ! አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም።»

«አንዱ ለማውጣት ጊዜ የሚፈጅ ከባድ የራጅ ፎቶ ከጠየቀስ?»

«ሌላው ይታገሣል። ታግሦ የሞተ ሰው አለ?»

«ክሊኒክ ውስጥ ነው እንዲህ የምትለው?»

አባ ተራ ሳቁ አመለጠው። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጇ ግን «እስከ ቀትር ወረፋው ካልቀለለ ፕሮግራምህን ጥዬ ሌላ እገዛለሁ» ያሉት አሁን ነው።

«ጋሼ፣ ታዲያ ፕሮግራምህ ለምን ልጅ አይወልድም? ጥያቄ ሲመጣ ራሱን ይቅዳ፤ ቅጂው ባለጉዳዩን ያስተናግድ፣ ወላጁ ወደ በሩ ይመለስ።»

«አንቺ ዳዴ ስትይ ሞክሬዋለሁ! ልጆቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሞቱ፤ ስማቸው ግን ከማሽኑ መዝገብ አልፋቅ አለ። መዝገቡ በሙታን ሞልቶ ማሽኑ አዲስ ልጅ አልቀበልም አለኝ። ያኔ ‹ሁለተኛ አይወልድም› ብዬ ምዬ ተገዘትኩ።»

«ሲሞቱ ወላጁ እንዴት እንደጨረሱ ጠይቆ ነበር?»

«የሞተ ምን ይጠየቃል?»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ! ልጁ ሲጨርስ ‹ተሳክቷል› ወይም ‹አልተሳካም› የሚል ቃል ትቶ ነው የሚሄደው። ወላጁ ያን ቃል ካልተቀበለ ማሽኑ ስሙን አይፍቅም። መውለዱ ምን በደለ? ወልዶ መርሳቱ እንጂ!»

አባ ተራ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግን «እውነትሽን ነው» አለ። አንባቢ ሆይ፣ እሱ ጥፋቱን በፈቃዱ ሲያምን ከማየት ተራራ ሲራመድ ማየት ይቀልላል!

«ልጆቹ በዝተው ማሽኑን ቢበሉትስ?»

«ልክ አብጅላቸው። ሃያ ከሞሉ ሃያ አንደኛው ይጠብቅ።»

«መጠበቅማ ካለ እሺ!» አለ ፊቱ በርቶ።

ተያይዘው ደረጃውን ወጡ። በፕሮግራሙ ላይ ዘጠኝ መስመር ተጻፈ። ወረፋው እንደ ጉም በነነ፤ ከባድ የራጅ ፎቶ የጠየቀ አንድ ሰውዬ ፎቶውን እስኪያገኝ ስልሳ ሰው ውጤቱን ይዞ ሄደ። ቀትር ላይ ሥራ አስኪያጇ ባዶውን ደረጃ አይተው ደነገጡ።

«ሰዎቹን የት አደረስካቸው?»

«ቤታቸው!» አባ ተራ ደረቱን ነፋ፤ የእህቱን ልጅ ሲያይ አስተነፈሰው። «የዚህች ልጅ ምክር ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ፕሮግራምህም ይቆይ፣ አንተም ቆይ።»

ሥራን ማካፈል እንዲህ ታካሚን ከመቆም፣ ማሽንን ከሥራ ፈትነት፣ አዛውንትን ከመባረር ያድናል፤ ሥራ የሰጠ ግን ምላሹን ሳይሰማ አይተኛ። አባ ተራማ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀማሪ ባገኘ ቁጥር ክንዱን ይዞ፣ «ውለድ፣ አትፍራ! ብቻ ጠይቅ!» እያለ ይሰብካል።