ከወዳጅ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ

የጫማዬ ተረከዝ መንገድ ላይ ባይነቀል ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። እያነከስኩ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት፣ ሽማግሌው ጫማ ሰፊ፣ ቁራጭ ቆዳ በምላሳቸው ጫፍ ይቀምሳሉ፤ ኬሚስትሪ ተምራ አብራቸው የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ቆማ ትቆጣለች።

“ኧረ አጎቴ፣ ይተዉ! መርዝ እኮ ነው።”

“ሃያ ዓመት ስቀምሰው አልገደለኝም። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ምላስ ላይ ይታወቃል።”

“ቆዳውስ ይልፋ። ወዳጅዎ ቆዳ ሲያለፋ የሚደፋው እጣቢ ግን ሳይጣራ ወንዝ ይገባል፤ ከታች ያሉት ሰዎች የሚጠጡት ከዚያው ነው። እጣቢውን አጣርቶ የሚለቅ ሌላ ቆዳ አልፊ አለ። ከእሱ እንግዛ።”

“ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሥራውን ዘግቶ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ልተወው? ደግሞስ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።”

“ሰይጣን ያሉት እንግዲህ እርስዎ ነዎት!” ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ቆዳውን እንደሚፈትኑት አልፊውንም ይፈትኑት። እጣቢው ከሚሰርግበት ከራሱ ጉድጓድ ውሃ ይለምኑት” አለች።

በሽማግሌው አልፈርድም። ውለታ የማይዘው ሰው ምን ሰው ነው? ነገር ግን የወዳጅን ውለታ በማናውቃቸው ሰዎች ጤና መክፈል ተገቢ አይደለም።

በማግስቱ ወደ ወዳጃቸው ቆዳ ማልፊያ አብረን ሄድን፤ የሰው ነገር መከተል መቼም አመሌ ነው። አልፊው ሽማግሌውን አቅፎ ሳማቸው፤ ውሃ ሲለምኑትም ከሱቅ የታሸገ አስመጣ። እሳቸው ግን ወደ ጓሮ ዞረው ከጉድጓዱ በጣሳ ቀዱና ወደ አፋቸው አስጠጉ። አልፊው ሮጦ ጣሳውን ነጠቃቸው።

“ምን ነካዎት ጋሼ? ሊሞቱብኝ ነው?”

ውሃው ልብሳቸው ላይ ፈሷል። ሽማግሌው ልብሳቸውን አራግፈው ቀና አሉ።

“ለእኔስ ሳሳህልኝ፣ ወንድሜ። ከታች ካሉት እጅ ጣሳውን ማን ይንጠቅ?”

አልፊው አንገቱን ደፋ። “የእጣቢ ማጣሪያ ጉድጓድ እቆፍራለሁ እያልኩ ነገ፣ ነገ ስል ዓመታት አለፉ” አለ። አሳዘነኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ቆዳ የሚገዙት ከሌላው አልፊ ነው። ለደንበኛ ሁሉ፣ “ቆዳው አይሸትም፤ የእህቴ ልጅ እጅ መላላጡን ተወ፤ እኔም የማንንም ውሃ ሳልበክል ተኝቼ አድራለሁ” ይላሉ።

ሰሞኑን ተረከዜ ዳግመኛ ተነቅሎ ብሄድ ልጅቷ ብቻዋን ናት።

“አጎትሽስ?”

“ወዳጃቸው ዘንድ ማጣሪያ እየቆፈሩ ነው።”

“በዚህ ዕድሜያቸው?”

“ምን ላድርግ? አካፋም፣ ውሃውን መቅመሻ ጣሳም ይዘው ነው የሄዱት” አለችኝ።