ጠንካራ ሞላ

ከሩዋንዳ ወደ ኢምፔሪያል በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ከባድ ከረጢት ጉልበቷ ላይ አቅፋለች። ከወዲያ በኩል ያሉት አዛውንት ናቸው ወሬውን የጀመሩት።

«ምንድን ነው ልጄ እንዲህ የከበደሽ?»

«የመኪና ሞላ ነው አባባ፣ የኋላ። መኪናዋ ጋራዥ ቆማ እየጠበቀችው ነው።»

«ተሰብሮብሽ ነው?»

«አልተሰበረም፤ የድሮው ለስላሳ ነው። ነዳጅ ስረግጥ ኋላዋ ቁጭ ይላል፣ ፊቷ ይነሳል። መኪናዋን የሚጎትታት የፊት ጎማው ስለሆነ፣ እሱ መሬቱን በደንብ እስኪይዝ ይቀድሙኛል።»

«እነማን?»

«አልፎ አልፎ ሜዳ ላይ እንወዳደራለን። ሁለት ሁለት መኪና፣ ቀጥ ባለ መንገድ።»

«የውድድር መኪና አለሽ ማለት ነው።»

«የለኝም። ከለሚ ኩራ ሥራ የምመላለስባት ናት። እናቴንም ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በሷ ነው።»

«በዚህ ሞላማ ታንገጫግጫቸዋለሽ።»

«ነግሬያታለሁ። ትራስ ይዛ ልትገባ ነው።»

«አሁን ከማን ጋር ነው የምትወዳደሪው?»

«ከእጮኛዬ ጋር።»

«ጥሩ ነዋ፣ ጨዋታ ነው።»

«ከቀደምሽኝ ሰርጉ ይቀራል ብሎኛል።»

«ቀልዶ ይሆናል።»

«አልቀለደም።»

«ሽማግሌ ልኳል?»

«ልኳል። ቤተሰቦቼም እሺ ብለዋል።»

«እንግዲያው አንድ ቀን ብትሸነፊለት ምን አለበት?»

«አንድ ቀን ከሆነ እሱ ይሸነፍ።»

«ትዳር እኮ ነው ልጄ።»

«ትዳር ስለሆነ እኮ ነው ሞላውን የምቀይረው።»

ገርጂ መታጠፊያው ጋ ስትወርድ ከረጢቱን በአንድ ጫፍ ይዤ አወረድኩላት።