የቀለለው ጎማ

በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ኢቲቻ የገዛ እጃቸው ሥራ ከሆነው የባቡር ፉርጎ ሥር ሁለት እግር ተዘርግቶ አዩና ክው አሉ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ዣንጥላቸውን ወርውረው ተንበረከኩ።

"ያ ዋቃ! ሰው ገደልን!"

ፉርጎው ከተገጠመ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፤ ድንጋጤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አያገናዝብም።

"አለሁ አባባ፣ አልሞትኩም" አለ ከሥር የሴት ድምፅ። "ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እየወጣሁ ስፖርት እሠራለሁ። ዛሬ ዝናቡ ሲያጣድፈኝ እዚህ ተጠለልኩ። ስላስደነገጥኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ይህን ባሌስትራ የገጠመው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ!" አሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ። ድንጋጤያቸው ገና ሳይበርድ ኩራታቸው ቀድሞ መለሰ።

ኩራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጋሽ ኢቲቻ በካራ ጋራዦች አርባ ዓመት ሙሉ ባሌስትራ ሲደርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። በመኪናው አካልና በአክስሉ መሃል ተነባብሮ የሚታሰረው፣ ሸክም ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲራገፍ ቀና የሚለው ዝርግ ብረት ነው ባሌስትራ የሚባለው። አይሱዙ የያዘ ሾፌር ሁሉ ከልኩ በላይ መጫን ሲያምረው ወደ እሳቸው ይመጣል። እሳቸውም "ስንት ይደረብልህ?" ይላሉ እንጂ "ለምን?" ብለው ጠይቀው አያውቁም።

አሁን ደግሞ ሥራቸው ከመኪና ወደ ባቡር አድጓል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ፣ አቶ አካሉ የተባሉ ነጋዴ በባሕር ዛፉ መሃል ትንሽ ሐዲድ ዘርግተው የልጆች ባቡር ሊያስነዱ ነው። ፉርጎው ረጅም፣ አፈሩ ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሸክሙ ለብዙ ጎማ እንዲካፈል ተብሎ ከፊትም ከኋላም ባለ ሦስት አክስል ቦጊ ገብቶለታል። ቦጊ ፉርጎውን ተሸክሞ ኩርባ ላይ በራሱ የሚዞር የብረት ሠረገላ ነው፤ ይኼኛው ስድስት የብረት ጎማ አለው። ከቁርጥራጭ ብረት መሃል በተገኙት ሁለት አሮጌ ቦጊዎች ነፍስ የዘሩባቸው ጋሽ ኢቲቻ ናቸው።

ልጅቱ ከሥር ወጥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሔራን ትባላለች፤ በባቡር ምሕንድስና ተመርቃ አሁን ኮሌጅ ታስተምራለች።

"አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። የመሃለኛው አክስል ባሌስትራ ከዳርና ከዳሩ ለምን በለጠ?"

"ጥሩ ዐይን አለሽ። ሁለት ደርቤበታለሁ። ሸክም የሚያርፈው መሃል ላይ ነዋ! ደግሞ ወደ ጎን ይላወስ ስለነበር ግራና ቀኙን በይጄ ቀጥ አድርጌዋለሁ። አሁን ቢገፉት ንቅንቅ አይልም።"

የሔራን ፊት አመድ መሰለ።

"ሰው ተሳፍሮበታል?"

"ቅዳሜ ነው የሚመረቀው። መጀመሪያ የሚሳፈሩት የቢፍቱ ክፍል ልጆች ናቸው። ቢፍቱ የወንድሜ የልጅ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። ስማቸው የተጻፈበትን ወረቀት ራሷ አምጥታ ሰጥታኛለች።"

"እንዳይሳፈሩ!" አለች ሔራን። ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣትና አፏን በእጇ ያዘች። "ይቅርታ አባባ። ግን በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እንዳይሳፈሩ።"

ጋሽ ኢቲቻ እንደ ዱላ ደረቁ። በአርባ ዓመት ውስጥ የተሰበረ ዕቃ ይዞ የመጣባቸው አለ፣ ቀጠሮ አሳለፍክ ብሎ የጮኸባቸው አለ፤ "ሥራህ ሰው ይገድላል" ያላቸው ግን የለም። ያውም ሃያ ሰባት ዓመት የማይሞላት፣ እጇ ግራሶ ነክቶት የማያውቅ ልጅ!

"ስሚ ልጄ፣ ትምህርትሽን አከብራለሁ። እኔ ግን ብረት ሲሰበር እንጂ ብረት ሲጠነክር ሰው ሲገድል አላየሁም። የጠነከረ ነገር ምን ያደርጋል?"

"የጠነከረው አይደለም ችግሩ፣ የማያካፍለው ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አባባ፣ በእድርዎ ቃሬዛ ተሸክመው ያውቃሉ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ከእድሩ ረጅም እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ መሃል ነው የሚያስገቡኝ።"

"ሦስት ሦስት ሆናችሁ በግራና በቀኝ ስትሸከሙ፣ ሜዳው ላይ እንዴት ነው?"

"ሜዳ ላይ ምን አለበት? ይካፈሉታል።"

"ጉብታ ላይስ?"

ጋሽ ኢቲቻ ትከሻቸውን ዳበሱ። ባለፈው ጥር የጎረቤታቸውን አስከሬን ይዘው ዳገቱን ሲወጡ የሆነው ትዝ አላቸው። ጉብታው አናት ላይ ሲደርሱ ሬሳው እንዳለ እሳቸው ትከሻ ላይ ወረደ። ከፊትና ከኋላ ያሉት እጃቸውን ቃሬዛው ላይ ከማስነካት በቀር የተሸከሙት ነገር አልነበረም። ለሳምንት ትከሻቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር።

"ጉብታ ላይ እኔ ብቻ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"የፊተኞቹስ ምን ተሸከሙ?"

"ምንም።"

"እንግዲህ መሃለኛው አክስል እርስዎ ነዎት። የባቡሩን መንገድ የሚመራው ግን ፊተኛው ጎማ ነው። ጎማው ዳር ላይ ከንፈር አለው፤ ኩርባ ላይ ያ ከንፈር ሐዲዱን እየተደገፈ ነው ቦጊውን የሚያዞረው። ጎማው በቂ ሸክም ከሌለው ከንፈሩ ሐዲዱን ተንተርሶ ወደ ላይ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወዲያ ማዶ ገደል ነው።"

በኩርባው በኩል ገደል መኖሩን ጋሽ ኢቲቻ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋቸውም።

እውነቱን እንናገርና፣ ነገሩ በዚህ ጊዜ ገብቷቸዋል። ሰው ግን የገባውን ሁሉ ወዲያው አይቀበልም፤ በተለይ ተናጋሪው ልጅ ሲሆን፣ በተለይ አርባ ዓመት ትክክል ነው ያሉት ነገር ሲሆን። "ሰው ሰው ነው፣ ብረት ብረት ነው" አሉና ጀርባቸውን ሰጧት።

"ልክ ነዎት፣ እኔም ልሳሳት እችላለሁ" አለች። "እንግዲያው ብረቱን ራሱን እንጠይቀው። የሚያስፈልገን አንድ ወረቀት ብቻ ነው።"

በግቢው ድንጋይ የሚያነጥፉ ስምንት ሠራተኞች ነበሩ። ተጠርተው ፉርጎውን እየገፉ ወደ ኩርባው መግቢያ፣ የውጭኛው ሐዲድ ከፍ ብሎ ጉብታ ወደሚሠራበት ቦታ አደረሱት። ጎማው ሥር ድንጋይ ጣሉበት። ከዚያ ልጆቹ በሚቀመጡበት ወንበር ሁሉ ላይ የአሸዋ ከረጢት ደረደሩ። ጋሽ ኢቲቻ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ከአንድ ወረቀት በቀር አላገኙም። ሐዲዱ ላይ ተደፉና ወረቀቱን በመሃለኛው ጎማና በሐዲዱ መገናኛ አስጠግተው ገፉት። ጫፉ ተጨማደደ እንጂ አልገባም።

"አየሽ? ተሸክሟል!"

"አየሁ አባባ። አሁን የፊተኛውን።"

የፊተኛው ጎማ ሥር ወረቀቱን አስጠጉት። በዚህ በኩል ገባ፤ በዚያ በኩል ወጣ። ደግመው አስገቡት፤ ደግሞ ወጣ። ያንን የሚያህል ፉርጎ፣ ያን ሁሉ አሸዋ ተሸክሞ፣ አንዱ ጎማው ሐዲዱ ላይ አልቆመም። ተንሳፍፏል! ጋሽ ኢቲቻ ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አቀረቡት። ከቅድሙ የጫፉ ጭምድድ በቀር ጭረት እንኳ የለበትም። የአርባ ሁለቱም ልጆች ስም አንድ ሳይጠፋ ይነበባል፤ ሰባተኛው ተራ ላይ "ቢፍቱ ጋሮማ" ይላል።

ስሟን በጣታቸው ነኩት።

"ጎማው ቀሏል" አለች ሔራን።

"ምን አልሽ?"

"ጎማው ቀሏል አልኩ። ሸክም ሲለየው ይቀላል።"

ጋሽ ኢቲቻ ሐዲዱ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ይህን ቃል ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰምተውታል። የቢፍቱ አባት ጋሮማ፣ የወንድማቸው ልጅ፣ ያኔ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከኋላ ሦስት ባሌስትራ ደርበውለት፣ የቤት መሥሪያ ብረት ከጭራው አሳልፎ ይጭን ጀመር። መኪናው ስለማይጎብጥ ሁሉም አደነቀ። በሦስተኛው ቀን ወደ ጋራዡ መጥቶ "አጎቴ፣ መሪው ቀለለኝ" አላቸው። እሳቸው ከት ብለው ሳቁ። "ተመስገን በላ! ድሮ እጅህ እስኪዝል አልነበር የምትጠመዝዘው?" አሉት። በማግስቱ ጋሮማ ቁልቁለት ላይ መሪውን አዞረ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ። አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ወጣ።

ለዘመድ ሁሉ "እንቅልፍ ወስዶት ነው" ብለው የተናገሩት ጋሽ ኢቲቻ ናቸው። ሥራቸው ሊሆን እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰቡም። ጋሮማ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም፤ ልጁን ግን ይልክላቸዋል።

ለሔራን ሁሉንም ነገሯት። እንባቸው ይወርዳል፤ አያብሱትም።

"እኔ ነኝ እግሩን የቆረጥኩት?" አሉ።

ሔራን ቶሎ አልመለሰችም። ማጽናናት ፈልጋ ነበር፤ መዋሸት ግን አልፈለገችም። "አባባ፣ እኔ አልነበርኩም፤ ያላየሁትን ልፈርድ አልችልም። የማውቀው ይህን ነው፤ ከጭራ ብዙ ሲጫን ፊተኛው ጎማ ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ መሪ አይታዘዝም። መኪናው ሲጎብጥ 'በዛብኝ' ማለቱ ነው። የደረቡት ባሌስትራ ያንን አፉን ዘግቶት ይሆናል።"

"እሱ ግን ነግሮኝ ነበር። መኪናው አፉ ቢዘጋም ጋሮማ ነግሮኝ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ጋሽ ኢቲቻ ተነሥተው ፉርጎውን ከመጎተቻው ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ፒን ነቅለው ኮት ኪሳቸው ከተቱት። አቶ አካሉ መጥተው "ጥሪው ተበትኗል፣ ስሜ ምን ይሆናል?" ብለው ሲቆጡም ያችኑ ወረቀት ሰጥተው "ይሄን ከጎማው ሥር ያስገቡና ከዚያ ስለ ስምዎ እንነጋገር" አሏቸው። አቶ አካሉ አስገቡት። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ምረቃው በሁለት ሳምንት ተራዘመ።

ሔራን መድኃኒቱን በእንጨት ጭቃው ላይ ሣለችላቸው። የተደረበው ይወልቃል። በአንዱ አክስል ባሌስትራና በሚቀጥለው መሃል፣ ወገቡ ላይ በፒን የታሰረ ብረት ይገባል፤ አንዱ ጫፉ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ስለዚህ ጉብታ የነካው ጎማ ሸክሙን ለጎረቤቱ ያቀብላል። መሃለኛው አክስልም ብየዳው ተፈትቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጣት የምታህል መላወሻ ይተውለታል፤ ሦስት ሰው ረጅም አጣና ይዞ ቅያስ ሲዞር መሃለኛው ገለል ካላለ መዞር እንደማይቻል ሁሉ።

"ይሄማ ሚዛን ነው!" አሉ ጋሽ ኢቲቻ ሥዕሉን አይተው። ወዲያው እንደገና ደነገጡ። "ልጄ፣ እኔ ይህን ዕቃ አውቀዋለሁ። ከኋላ ሁለት አክስል ያላቸው ከባድ መኪናዎች ላይ አለ። 'ይንቋቋል፣ ይላወሳል' ብለው ሲያመጡልኝ በይጄ አቆመዋለሁ።"

"ስንቱን በየዱ?"

"ማን ቆጥሮት!" አሉ።

በአሥር ቀን ውስጥ ሥራው አለቀ። ብየዳውን በእሳት የፈቱት፣ የደረቡትን ያወለቁት ራሳቸው ናቸው። ፉርጎው በዚያው ኩርባ ላይ ቆሞ አሸዋው ተመልሶ ሲጫን ወረቀቱ ከአሥራ ሁለቱ ጎማ በአንዱም ሥር አላልፍ አለ። ከአደጋው መትረፍ ብቻም አይደለም ትርፉ። ጎማው እኩል ስለሚበላ ዕድሜው ይረዝማል፤ ለስላሳው አፈር አንድ ቦታ ተጨቁኖ አይሰምጥም፤ ሐዲዱ አይጣመምም፤ የሚሳፈረውም ሰው ወገቡ አይንገጫገጭም። ይህ ሁሉ የመጣው ብረት በመጨመር አይደለም፤ የተጨመረውን በመቀነስና የቀረውን እርስ በርሱ በማገናኘት ነው። አንባቢም ቢሆን በቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉንም መሃል ላይ የጫነበት ሰው ካለ ይህን ነገር ቢያስብበት አይጎዳም።

እሁድ ዕለት ጋሽ ኢቲቻ ታክሲ ተሳፍረው የካ አባዶ ወረዱ። የጋሮማን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ እየያዙ ወጡ። ጋሮማ በክራንች ተደግፎ በሩን ከፈተና ደርቆ ቆመ።

"'መሪው ቀለለኝ' ብለኸኝ ነበር" አሉት፤ ሰላምታም አላስቀደሙ። "እኔ ሳቅኩብህ። አልተኛህም ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ጋሮማ በሩን ለቆ ግድግዳውን ተደገፈ።

"አጎቴ፣" አለ፣ "እናንተ ሁላችሁ ተኝተህ ነው ስትሉኝ፣ እኔም ተኝቼ ነበር ብዬ አምኜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን ስረግም ነው የኖርኩት።"

ጋሽ ኢቲቻ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ፣ ጋሮማ ክራንቹን ጥሎ በሁለት እጁ ያዛቸው።

በምረቃው ቅዳሜ አርባ ሁለቱ ልጆች ተሰልፈው ሳሉ ጋሮማ ከሰልፉ ፊት ቆመ። "ማንም እንዳይሳፈር" አለና እጁን ዘረጋ። ጋሽ ኢቲቻ ምን እንደፈለገ ገባቸው፤ ወረቀቱን ሰጡት። አሸዋው ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው። ጋሮማ በአንድ እግሩ እየተንበረከከ፣ ከአሥራ ሁለቱ ጎማ አንዱንም ሳይዘል፣ በየሐዲዱ ወረቀቱን ገፋ፤ በአንዱም አላለፈም። ሔራን ልትረዳው ብትል እምቢ አለ። የመጨረሻው ጎማ ሥር የወረቀቱ ጫፍ ተቀደደ። ቀና ብሎ አጎቱን አየ።

"ከብዷል አጎቴ" አለ።

ከዚያ አሸዋው ይውረድ አለና ቢፍቱን ብድግ አድርጎ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣት።