ጎሳ የሚናገር ሻርፕ

በስደት አገር፣ በፌርፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ውስጥ የፓርኪንግ ሠራተኛ ጃኬት የለበሰ አባት ብረቱን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ልጁ ከፊቱ ተቀምጣለች። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ከኮቴ በላይ ደርቤ ከኋላዋ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ቀይና አረንጓዴ መስመሮች የተጠላለፉበት የሱፍ ሻርፕ ከቦርሳዋ አወጣች።

«አባዬ፣ የእጮኛዬ እናት በፖስታ ሜል ያደረገችልኝ ነው። ለሠርጉ እንድለብሰው።»

«ያምራል። የየት አገር ነው?»

«የስኮትላንድ። ታርታን ይባላል። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ አለው፤ ይሄ የእነሱ ነው።»

«ታዲያ ያየሽ ሁሉ የማን ወገን እንደሆንሽ ያውቃል ማለት ነው?»

«የሚያውቅ ያውቃል። ናይስ አይደል?»

«ከሩቅ?»

«ከሩቅ። ሶ፣ ምን ችግር አለው?»

«ጠላት የላቸውም?»

«ድሮ ነበራቸው። አምፀው ሲሸነፉ መንግሥት ልብሱን ከለከለ። የለበሰ ወንድ ይታሰር ነበር።»

«አየሽ!»

«ምኑን ልይ? ይሄ እኮ ከስንት መቶ ዓመት በፊት ነው! አሁን ቱሪስት ሁሉ ይገዛዋል።»

«እኔን አገር ቤት ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አስወርደው ‹ዘርህ ምንድን ነው?› ሲሉኝ ዋሽቼ ነው የተረፍኩት። ልብሴ ቢያጋልጠኝ ኖሮ አንቺም አትወለጂም ነበር።»

ልጅቷ ሻርፑን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ እዚህ ማንም አይጠይቅም። እለብሰዋለሁ።»

«ልበሺው፣ አልከለክልሽም። ፌስቡክ ላይ ብቻ አታውጪው።»

«ኦኬ።»

«አሁን ደግሞ ወደ ቦርሳሽ መልሺው። ከኋላሽ ሰው እያየ ነው።»

የነጠላዬን ጥለት ወደ ኮቴ ውስጥ አጥፌ ከፌርማታዬ በፊት ወረድኩ።