ለእኔና ለባሎቴ መካሪ ስመርጥ

እኛ ባል በሆንንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ የትዳር መካሪ ዝም ብሎ አይያዝም ነበር። ተመርምሮ ነው የሚመረጠው። እናንተም ከሶዶ ድረስ የመጣችሁት ከሠርጉ በፊት መንፈሳዊ መካሪ ምረጡ ተብላችሁ ነው አይደል? እንግዲያው ስሙኝ፤ እኔ በምን ጥበብ እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

እኔና ባለቤቴ ባሎቴ የተጣላነው በእንሰት ነው። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እዚህ ሻንቶ ሊሆን ነው ተባለ፣ እና ሽማግሌዎቹ "ለእንግዳው ማን ምን ያቀርባል?" ሲሉ እኔ ብድግ አልኩ። "የጓሮዬን የደረሰ እንሰት በሙሉ ለጌታ ሰጥቻለሁ!" ሕዝቡ "ሃሌ ሉያ!" አለ። ታዲያ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ነገርኳት። እሷ የበዴሳ ልጅ ናት፣ ምንም አትፈራም።

"በሙሉ?" አለችኝ።

"በሙሉ።"

"የሚፍቀውስ ማነው? ጌታ ነው የሚፍቀው?"

"ባሎቴ፣ አፍሽን!"

"አንተ ተክለህ ሄድክ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ፍግ ተሸክሜ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በልግ ላይ ልጆቹ ሲርባቸው ሃሌ ሉያውን ይብሉት? 'ሚስቴን ልጠይቅ' ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር?"

አያችሁልኝ? እኔ ስለ ጌታ እነግራታለሁ፣ እሷ ስለ ልጆች ሆድ ታወራለች! እና ደግሞ "ይህን ነገር ሰው ገብቶ ካላስተካከለው ልጆቼን ይዤ በዴሳ እገባለሁ" አለች። ቤተ ክርስቲያንም "ተስማምታችሁ አንድ መካሪ ምረጡ" አለን።

ባሎቴ "አቶ አንጁሎና ሚስቱ ይሁኑልን" አለች። እኔ ደግሞ ሳልመረምር እምቢ የምል ሰው አይደለሁም፣ ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ ባልና ሚስት እፊቴ ስለ ጥጃ ይከራከራሉ! እሱ "ይሸጥ" ይላል፣ እሷ "ዝናቡ ሳይመጣ አይሸጥም" ትላለች። "አንቺ ሴትዮ!" "አንተ ሰውዬ!" ታዲያ መጨረሻ ላይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "እሺ፣ አሸነፍሽኝ" ብሎ ሳቀ። እንግዳ ፊት! እሷም ሳቀች። "ይህ ሰው ለራሱም ያልተመከረ ነው" ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ አቶ ሎሃ ቤት ሄድኩ። ትልቅ ሽማግሌ፣ ጸሎቱ የማያልቅ። እዚያ ቤት ታዲያ ዝንብ ሲበር ይሰማል። ሚስቱ ጎደሬ አቀረበች፣ አቀርቅራ ልትወጣ ስትል "ደህና ነሽ ወይ?" አልኳት። "ደህና ናት" አለኝ እሱ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። ሰላም ማለት ይህ ነው አልኩ።

ቤት ስገባ ባሎቴ "ሚስቱን አነጋገርካት?" አለችኝ።

"ምን ላነጋግራት? እሱ መለሰልኝ እኮ!"

እና መረጥኩት። አቶ ሎሃ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መከረን። እኔን "ወንድሜ፣ ታገሣት" አለኝ። እሷን "እህቴ፣ ቤትሽን የምታፈርሺው በአፍሽ ነው። የከፋሽን ለባልሽ አትንገሪ፣ ለጎረቤት አትንገሪ፣ ለጌታ ብቻ ንገሪ" አላት።

"ልጆቹ ሲርባቸውስ?" አለች።

"ለጌታ አልኩሽ እኮ።"

ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ምን አልኩ? "አሜን" አልኩ። እሷም "እሺ" አለች።

ምክር እንዲህ ሲሠራ አይታችሁ አታውቁም! እንሰቱ ተቆረጠ፣ እሷ ፋቀች፣ እንግዳው በላ። በልግ ላይ ልጆቹ ጎመን በጎመን ሆኑ፣ ትንፍሽ አላለችም። እና አገሩ "የእሱ ቤት እንዴት ያለ ሰላም ነው!" አለ፣ እኔንም መካሪ አደረጉኝ። ከሶዶም ይመጣሉ፣ ከበዴሳም ይመጣሉ። ታዲያ የሚመርጡኝ ሁልጊዜ ባሎቹ ናቸው። ምነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ከዓመታት በኋላ ባሎቴ እንሰት ስትፍቅ ወደቀች። በቃሬዛ ተሸክመን ኦቶና፣ ሚሲዮን ሆስፒታል አደረስናት። ድሬሰሩ፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ሆዷን ሲነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

"እናቴ፣ መቼ ጀመረሽ?" አላት።

እሷ እኔን ታያለች። ሰው የጠየቃት እሷን፣ የምታየው እኔን።

"ንገሪው እንጂ!" አልኳት።

"ካቻምና፣ ከመስቀል በፊት።"

"እና ለባልሽ ሳትነግሪ?" አላት ድሬሰሩ።

"እሱ የሰው ትዳር መካሪ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "ቤቱ ውስጥ እሮሮ አለ እንዳይሉት ብዬ ነው።"

ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። "ቀደም ብላ ብትመጣ" አለ። በቀብሯ ላይ አቶ ሎሃ "ድምፅዋ ከአጥር ውጭ ተሰምቶ አያውቅም" ብሎ አመሰገናት፣ እና እኔ አሁንም "አሜን" አልኩ። አፌ ለምዶት ነው። በሳምንቱ አንድ ባል ሚስቱን እየነዳ መጣ፣ መከርኳቸው። ምን ላድርግ? የማውቀው ምክር አንድ ብቻ ነው።

ይኸው ነው እንግዲህ አመራረጡ።

ሽማግሌው ሲጨርሱ ከሶዶ የመጣው ወጣት እጮኛውን ቀድሞ ተናገረ። "አባባ፣ እንግዲህ እኛንም እርስዎ ቢመክሩን ነው የሚሻለን። የእርስዎን ያህል ያየ የለም።"

"እኔ አልፈልግም" አለች እጮኛው።

"ኧረ ዝም በይ፣ ሽማግሌ ፊት!"

"ዝም አልልም። እኔን ሳትጠይቀኝ ነው እዚህ ያመጣኸኝ። መካሪው የሁለታችን ከሆነ..." ብላ ሽማግሌውን አየችና አቋረጠች።

"ምነው እኔን አየሽ?" አሏት። "እኔን አትዪ። ጨርሺው፣ ልጄ። በዚህ ቤት ሴት ስትናገር ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።"